ሐላል ነው፤ ስንት ጣሳ ግን?



ውድ ወንድምና እህቶች፣ ፈተና ሲቃረብ ከቡሬ ሱቆች ኢነርጂ ይዞ ወደ ዶርም የሚገባው ይበዛል። የነቀምቴን መንገድ ሌሊት ለሌሊት የሚነዳ ሹፌር የሚጠጣውን ገና 18 ዓመት ያልሞላው ፍሬሽማንም ይጠጣዋል።

ስንጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ «አልኮል የለውም፣ ጫትም አይደለም፣ ሐላል ነው።» እኛም ሐራም ነው አላልንም። ቡናም በ1511 እ.ኤ.አ. መካ ላይ ታግዶ ነበር፤ ኋላ ዑለማዎች ፈቅደውታል። ካፌይን ስላለው ብቻ ሐራም ነው የሚል ካለ መጀመሪያ ከእናቱ ጀበና ጋር ይጣላ። የእኛ ጥያቄ መጠኑ ላይ ነው።

የተለመደው 250 ሚሊ ሊትር ጣሳ 80 ሚሊ ግራም ያህል ካፌይንና 27 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 እ.ኤ.አ. ለታዳጊዎች ያስቀመጠው ልክ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 3 ሚሊ ግራም ካፌይን ነው። 50 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 150 መሆኑ ነው። ሁለት ጣሳ 160 ነው፤ የከሰዓቱን ቡና ሳንቆጥር።

ደግሞም ካፌይን ድካምን አያጠፋም፤ አንጎል የድካሙን ምልክት እንዳይሰማ ያደርጋል እንጂ። ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከምሽቱ 3 ሰዓት የጠጣነው ግማሹ ከሌሊቱ 8 ሰዓትም አብሮን ነው። ያጠናነው አእምሮ ውስጥ የሚረጋው ደግሞ ስንተኛ ነው። ሊነጋጋ ሲል እንቅልፍ የጣለው ተማሪ ፈጅርንም ቻፕተሩንም ያጣል።

ዐብዱላህ ኢብን ዐምር ቀኑን እየጾመ ሌሊቱን ሙሉ ይቆም ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ ከለከሉት፤ ሰውነቱም ዓይኑም በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው ነገሩት። ልብ እንበል፤ እርሱ እንቅልፉን የተወው ለሶላት ነበር። እኛ የምንተወው ለፈተና፣ አንዳንዴም ለኳስ ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከኢሻ በኋላ ወሬን ይጠሉ ነበር። ኢሻን በጀማዓ ሰግዶ 3 ሰዓት ላይ የተኛ ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ቢነሳ 7 ሰዓት ተኝቷል። ሁለት ረከዓ ሰግዶ እስከ ፈጅር ማንበብ ይችላል፤ ከዙህር በኋላ ደግሞ ትንሽ ቀይሉላ አለ።

በየቀኑ የለመደ ሰው ቀስ በቀስ ይቀንስ። በአንዴ ሲቆም ራስ ምታት ለጥቂት ቀናት ሊኖር ይችላል፣ ያልፋል። ልቡ ያለ ልክ የሚመታበት፣ በተለይ ከጫት ጋር የጠጣ፣ ሳያፍር ክሊኒክ ሄዶ የወሰደውን በትክክል ይንገራቸው።