ፊት የሚለየው ኮምፒዩተርና ሠዓሊው

በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ያሉትን የጥንት ሥዕሎች ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ቅዱሳኑና ደጋጎቹ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው ሁለቱም ዓይኖቻቸው ይታያሉ። ይሁዳና ሰይጣን፣ ከእነርሱም ወገን የተቈጠሩት ግን በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ፊደል ያልቈጠረ ምእመን እንኳ ይህን ደንብ ያውቀዋል፤ ልጅ ሳለ ከእናቱ ነጠላ ሥር ሆኖ ተምሮታልና። ሠዓሊው በሰው ፊት ላይ ፈርዷል፤ ዳሩ ግን የፈረደበት ደንብ ለሁሉ የተገለጠ ነው። ደጉን ሰው በስሕተት በአንድ ዓይን ቢሥለው፣ ምእመኑ «ኧረ ይኸ አይደለም» ሊለው ይችላል።

ይህን ያነሣነው ስለ ሥዕሉ ልንጽፍ አይደለም። ዛሬ ሰውን በፊቱ የሚለይ፣ የሚመድብና ስም የሚያወጣለት ሌላ ሠዓሊ ስለ ተነሣ፣ የዚህንም ሠዓሊ ደንብ ከእኛ መካከል የሚያውቀው ጥቂት ስለ ሆነ ነው። ይኸውም ኮምፒዩተር ነው። ስልካችንን በፊታችን ስንከፍት ይለየናል። በአገራችንም ለፋይዳ መታወቂያ የተመዘገበ ሁሉ የፊቱን ፎቶግራፍ፣ የዓይኑን ምስልና የጣቶቹን አሻራ ሰጥቷል። እንግዲህ ነገሩን የባሕር ማዶ ወሬ ነው ብለን ልናልፈው አንችልም።

በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ገደማ፣ ጆይ ቡኦላምዊኒ የምትባል ከጋናውያን ወላጆች የተወለደች ተማሪ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለአንድ ትምህርት የምታቀርበውን ሥራ ትሠራ ነበር። ሥራው መስተዋት ነው። ከፊቱ የቆመ ሰው በራሱ ምስል ላይ የአንበሳ ወይም የሚያደንቀው ሰው ፊት ተደርቦ እንዲያይ ያደርጋል፤ ከጨዋታ የማይርቅ ነገር ነው። ለዚህም ካሜራው ፊቷን አግኝቶ መከተል ነበረበት። ሌሎች ያዘጋጁትን ፕሮግራም ወስዳ ብትሞክረው ፊቷን አላየው አለ። በአጠገቧ የነበረውን ነጭ ጭንብል ብታጠልቅ ግን ወዲያው አያት። ሰው ጭንብል የሚያጠልቀው ላለመታየት ነው፤ እርስዋ ግን ለመታየት አጠለቀችው። ይህ አንድ ምስል ብቻውን ስንት ገጽ ጽሑፍ እንደሚተካ አንባቢያችን ራሱ ይገምት።

ነገር ግን በቅሬታ ብቻ ብትቀር ኖሮ «የአንድ ሰው ገጠመኝ ነው» ተብሎ በታለፈ ነበር። እርስዋም ወደ መለካቱ ሄደች። አዲስ አበባ ተወልዳ ካደገችው ከትምኒት ገብሩ ጋር ሆና በ2018 ባወጡት ጥናት፣ የሩዋንዳን፣ የሴኔጋልን፣ የደቡብ አፍሪካን፣ የአይስላንድን፣ የፊንላንድንና የስዊድንን የምክር ቤት አባሎች 1,270 ፎቶግራፎች ሰበሰቡ። ከዚያም የማይክሮሶፍት፣ የአይ.ቢ.ኤምና የቻይናው ፌስ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራሞች የእያንዳንዱን ሰው ፆታ እንዲናገሩ አደረጉ። ጠቅላላው ውጤት ሲታይ ሦስቱም ከመቶ 88 እስከ 94 ያህሉን በትክክል መለሱ። አስተማሪ ቢሆን እንዲህ ላለ ተማሪ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ይጽፍለታል። ፎቶግራፎቹ በቆዳ ቀለምና በፆታ በአራት ተከፍለው ሲታዩ ግን ሌላ ነገር ወጣ። ቆዳቸው ነጣ ባሉት ወንዶች ላይ ከሁሉ የበዛው ስሕተት 0.8 በመቶ ሲሆን፣ ቆዳቸው ጠቆር ባሉት ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ይህም ከሦስት ሴቶች አንዷን ወንድ ማለት ነው። ጠቅላላው ውጤት ሴቶቹን ሸፍኗቸው ነበር።

ምክንያቱም ጥንቆላ አይደለም። ኮምፒዩተር ፊትን የሚማረው ብዙ ፎቶግራፎችን በማየት ነው፤ ያላሳዩትን አያውቅም። እነዚህ ፕሮግራሞች ከሚፈተኑባቸው የታወቁ ስብስቦች በአንዱ ከመቶ 79 በላይ፣ በሌላው ከመቶ 86 በላይ የሆኑት ሰዎች ቆዳቸው ነጣ ያለ ነበር። ፈተናውም ትምህርቱም ከአንድ መንደር ሰው የተወሰደ ከሆነ፣ ተማሪው በፈተናው ማለፉ ምን ያስደንቃል?

ሠንጠረዡ ለሊቃውንት ጉባኤ በቂ ነበር። ሠንጠረዥ የማያነበው ሰውስ? ቡኦላምዊኒ በዚያው ዓመት ግጥም ጽፋ በፊልም አቀረበች። አርእስቱን የወሰደችው ከባርነት ወጥታ ለጥቁሮችና ለሴቶች መብት ከተከራከረችው ከሶጀርነር ትሩዝ ነው፤ ይህች ሴት በ1851 በኦሃዮ ያደረገችው ንግግር «እኔስ ሴት አይደለሁምን?» በሚል ስም ይታወቃል። በፊልሙ ውስጥ የሶጀርነር ትሩዝ፣ የኦፕራ ዊንፍሬይ፣ የሚሼል ኦባማና የሴሬና ዊልያምስ ፎቶግራፎች እየተራ ይታያሉ፤ ፕሮግራሞቹ ሲሳሳቱባቸውም እናያለን። ጥናቱ ስሕተቱ ምን ያህል መሆኑን ነገረን፤ ግጥሙ ደግሞ በማን ላይ እንደሚደርስ አሳየን። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። በእኛ ግቢ እንደምናየው ሮቦት ሥሎ «ቴክኖሎጂ አደገኛ ነው» ብሎ ከሥር መጻፍ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኪነ ጥበብም ትምህርትም አይደለም።

ኩባንያዎቹ ፕሮግራማቸውን አሻሻሉ። በ2019 በወጣው ሁለተኛ ጥናት የሦስቱም ስሕተት ቀንሶ ተገኝቷል። ታዲያ ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ? የለም። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ጥቁሮችን ጨምረው ቢያስተምሩት ይበቃል» ሲሉ ሰምተናል፤ እኛ ግን አይመስለንም። በጥር 2020 የዲትሮይት ከተማ ፖሊስ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሚስቱና ልጆቹ ፊት ይዞ ወሰደው፤ ኮምፒዩተር ፊቱን ከሰዓት ሌባ ፊት ጋር አመሳስሎት ነበርና። ሰውየው ሌባው አልነበረም። ከተማይቱ በ2024 ከእርሱ ጋር ስትታረቅ፣ ፖሊስ በኮምፒዩተር ማመሳሰል ላይ ብቻ ተመሥርቶ ማንንም እንዳይዝ ተስማምታለች። ፍጹም የሚያይ መሣሪያ ቢገኝስ ማን ይዞት፣ ማንን ያይበታል? ይህ ጥያቄ ለመሐንዲስ ብቻ የሚተው አይደለም።

ሌላው ምሳሌ ደግሞ ስም ስለ ማውጣት ነው። በ2009 በአሜሪካ ኢሜጅኔት የተባለ የፎቶግራፍ ክምችት ይፋ ሆነ፤ አድጎም ከ14 ሚሊዮን በላይ ምስሎችን ያዘ። ቃላቱ ከአንድ የእንግሊዝኛ የቃላት መዝገብ ተወሰዱ፤ የትኛው ምስል ከየትኛው ቃል ሥር እንደሚገባ የለዩት በኢንተርኔት አማካይነት በጥቂት ሳንቲም የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ለወንበርና ለውሻ ይህ ችግር የለውም። ነገር ግን ከቃላቱ መካከል «ባለ ዕዳ»፣ «የተፈረደበት ወንጀለኛ»፣ «የዕፅ ሱሰኛ» የሚሉም ነበሩባቸው። የሰው ዕዳ ከፊቱ ላይ ይነበባልን?

ተመራማሪዋ ኬት ክሮፎርድና የሥነ ጥበብ ባለሙያው ትሬቨር ፓግለን ይህን በክርክር ብቻ አልተዉትም። በመስከረም 2019 በሚላኖ ከተማ ትርኢት ከፈቱ፤ ከዚያው ጋር ማንም ሰው የራሱን ፎቶግራፍ በኢንተርኔት ልኮ ኮምፒዩተሩ ከዚህ ክምችት ተምሮ ምን እንደሚለው የሚያይበትን መንገድ አዘጋጁ። ብዙ ሰው እየሳቀ ላከ፤ ብዙዎችም ስድብ ተመለሰላቸው። ጥቂት ቀናት ሳያልፉ የክምችቱ ባለቤቶች ከሰው ምስሎች 600,000 ያህሉን እንደሚያስወግዱ አስታወቁ። ቃላቱ ዐሥር ዓመት ሙሉ በይፋ ተቀምጠው ሳለ ሕዝቡ ያነበባቸው ያን ጊዜ፣ በራሱ ፊት ላይ ተጽፈው ሲመለከት ነው።

ይህን ካነበብን በኋላ እኛ ጥቂት ተማሪዎች፣ ከምህንድስናም ከሥነ ጥበብም የተውጣጣን፣ ያለ ኮምፒዩተር ልንሞክረው ተስማማን። ከአሮጌ ጋዜጦች የሰዎች ፎቶግራፎች ቈረጥን፤ መግለጫቸውን ጣልን። ከእነርሱም መካከል የአንዱን ጓደኛችንን የጉርድ ፎቶግራፍ ሳይነገር ጨመርን። እያንዳንዱ ሰው የሌላውን ሳያይ ከሥር አንድ ቃል እንዲጽፍ ሆነ፤ «አላውቅም» ብሎ መጻፍም ተፈቅዶ ነበር።

«አላውቅም» ብሎ የጻፈ አንድ ሰው አልተገኘም። ጋቢ የለበሱትን ሽማግሌ ሁሉም «ገበሬ» አላቸው፤ በጋዜጣው ላይ ግን ዳኛ ነበሩ። በጓደኛችን ፎቶግራፍ ሥር ሁለት ሰዎች «እስረኛ» ብለው ጽፈዋል። እርሱ ራሱ በዚያን ሰዓት ወረቀቱን እየሰበሰበ ነበር። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ጥቂት ዝም ብሎ «ለምን?» ሲል ጠየቀ። ከጻፉት አንዱ አፍሮ፣ «ከኋላህ ያለው ግድግዳ ባዶ ነው፤ ደግሞም አልሳቅህም» አለው። ለመታወቂያ ፎቶግራፍ የሚስቅ ማን አለ?

በሚቀጥለው ስብሰባ ከቃሉ በታች ምክንያቱም እንዲጻፍ ወስነናል። ፎቶግራፎቹ በማኅበሩ ክፍል በካርቶን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የሚፈልግ ሁሉ መጥቶ ሊሞክራቸው ይችላል። የጓደኛችንም ፎቶግራፍ በራሱ ፈቃድ ከመካከላቸው አልወጣም።