ዜና ነጋሪ ጥቅሙን ሊገልጥ እንዲገባው

ዜና ነጋሪ ምስክር ነው። ምስክርም በዳኛ ፊት በቆመ ጊዜ፥ ከተከራካሪዎቹ ጋር ያለው ዝምድና፥ ጠብ ወይም ጥቅም ይጠየቃል። ይህም ዘመድ የሆነ ሁሉ ሐሰተኛ ነው ለማለት ሳይሆን፥ ሰሚው ቃሉን በልኩ እንዲመዝን ነው። ጋዜጣ አንባቢ ግን ምስክሩን ፊት ለፊት አያየውም፤ ስለዚህ ጸሓፊው ራሱ ካልነገረው በቀር ሊመረምረው አይችልም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን በአሜሪካ አገር የተደረገ አንድ ታሪክ አለ። ሎስ አንጀለስ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ኦክቶበር 10 ቀን፥ በከተማው ሊከፈት ስለ ተቃረበውና በዚያን ጊዜ ስቴፕልስ ሴንተር ይባል ስለ ነበረው የስፖርት አዳራሽ የሚናገር 168 ገጽ ያለው መጽሔት አወጣ። ከማስታወቂያው የሚገኘውን ትርፍ ግን ከዚሁ ከአዳራሹ ድርጅት ጋር ለመካፈል ተዋውሎ ነበር። ውሉን አንባቢው አላወቀም፤ ጽሑፉን የጻፉት ጋዜጠኞች እንኳ አላወቁም። ነገሩ በተገለጠ ጊዜ ከ300 የሚበልጡ የጋዜጣው ጸሓፊዎችና አዘጋጆች ተቃውሟቸውን ፈርመው አቀረቡ፤ አሳታሚዋም ይቅርታ ጠየቁ። የጋዜጣው ባልደረባ ዴቪድ ሾው መርምሮ የጻፈውን ረጅም ሐተታም ጋዜጣው ራሱ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 20 ቀን አተመው።

«ጸሓፊዎቹ ውሉን ካላወቁ ብዕራቸው እንዴት ያዳላል?» የሚል ቢኖር፥ መልሱ እንዲህ ነው። አድልዎ በጸሓፊው ቃል ብቻ አይሠራም፤ የቱ ይነገር፥ የቱ ይቅር፥ የቱስ ሰፊ ስፍራ ይያዝ ብሎ በሚመርጠው በአለቃውም እጅ ይሠራል። ደግሞም ተሰውሮ የኖረ ጥቅም በኋላ ሲገለጥ፥ እውነተኛውን ጽሑፍ ሳይቀር ያስጠረጥራል።

ስለዚህ ጥቅም ወይም ዝምድና ያለው ጸሓፊ በዚያው ጽሑፍ ላይ፥ አንባቢው በሚያይበት ስፍራ ይግለጠው። ጥቅሙ ብርቱ ከሆነ ግን መግለጥ ብቻ አይበቃምና ሥራውን ለሌላ ይተው። ከጋዜጣ ያነበባችሁትን ለሕዝብ የምትነግሩ ሁሉም፥ «ይህን የጻፈው ማን ነው? በነገሩስ ምን ያገኛል?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትንገሩ። ጥቅሙን በግልጥ የተናገረውን ጸሓፊ ግን ስለ መናገሩ ብቻ አትናቁት፤ እርሱ በእውነተኛነቱ ቢናቅ፥ የቀሩት መሰወርን ይማራሉና።