ማሳሰቢያ፦ ከቅጣት በኋላ ስለ መሰየምና ስለ ጦር መሣሪያ ፈቃድ

በእጅ እልፊት፣ በቀላል የአካል ጉዳት ወይም በመሳሰለው ወንጀል ተፈርዶባችሁ ቅጣታችሁን ለጨረሳችሁ የአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ።

ከጦር ኃይሎች እስከ ዓለም ባንክ፣ ከቤቴል እስከ አየር ጤና፣ አባቱ ጠመንጃን እንደ ክብር ይዞ የኖረ ቤተሰብ ብዙ ነው። ዛሬ ግን መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ብቻ ነው። ያለፈ ፍርድ ያለበት ሰው ሁለት ጉዳዮችን ለይቶ ማየት አለበት፤ የመጀመሪያው በፍርድ ቤት ስምን ማጽዳት፣ ማለትም መሰየም፣ ሁለተኛው ከፖሊስ ፈቃድ መጠየቅ ነው። የፊተኛው ሳያልቅ ወደ ኋለኛው መሮጥ አይጠቅምም።

አድርጉ

1. የፈረደባችሁን ፍርድ ቤት ለዩ። ደንብ መተላለፍ በከተማው ፍርድ ቤት፣ ሌላው ወንጀል በአብዛኛው በፌዴራል ፍርድ ቤት የታየ ነው። የመዝገብ ቁጥሩን ይዛችሁ ከሬጅስትራር የፍርዱን ግልባጭ አውጡ።

2. ጊዜውን ቁጠሩ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስለ መሰየም ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ይደነግጋል። ቅጣቱ ጽኑ እስራት ከነበረ ቢያንስ 5 ዓመት፣ በሌላው ቅጣት ቢያንስ 2 ዓመት ማለፍ አለበት። የሚቆጠረው ከፍርዱ ቀን ሳይሆን ቅጣቱ ከተፈጸመበት ቀን ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና ጊዜው ሳይደርስ አታመልክቱ።

3. ዕዳችሁን ክፈሉ። ለተበዳዩ ካሳ እንድትከፍሉ ተፈርዶባችሁ ከሆነ አቅማችሁ የፈቀደውን ሁሉ ፈጽሙ። የመቀጮውን ደረሰኝና ከማረሚያ ቤት የተፈታችሁበትን ወረቀት አያይዙ።

4. መልካም ጠባያችሁን በማስረጃ አሳዩ። ከቅጣቱ ወዲህ ሆን ተብሎ በተፈጸመ ወንጀል በእስራት መቀጣት ጥያቄውን ያበላሻል። የአሠሪ፣ የወረዳ ወይም የዕድር ደብዳቤ ይረዳል።

5. ለጠበቃ የምትከፍሉት ከሌላችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ያቋቋማቸውን የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ጠይቁ።

6. ፍርድ ቤቱ የመሰየም ውሳኔ ሲሰጥ ግልባጩን ይዛችሁ በፖሊስ መዝገብ ላይ ያለው ቅጣት መሰረዙን አረጋግጡ። ከዚያ ወዲያ ቅጣቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ በክፋት ተነሳስቶ የድሮውን ፍርድ የሚያነሳባችሁ ሰውም በስም ማጥፋት ይጠየቃል።

አታድርጉ

1. ይቅርታን ከመሰየም ጋር አታምታቱ። ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል እንጂ ፍርዱን ከመዝገብ አያጠፋም።

2. መሰየም የመሣሪያ ፈቃድ ይሰጣል ብላችሁ አትጠብቁ። በኢትዮጵያ መሣሪያ መያዝ የተፈጥሮ መብት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፌዴራል ፖሊስ የሚቆጣጠረው ፈቃድ ነው። መሰየም እንቅፋት ያነሳል፤ የፈቃዱን መስፈርት ግን ለብቻው ማሟላት ግድ ነው።

3. በፍርድ የተወረሰ መሣሪያ ይመለስልኛል አትበሉ። መሰየም የሚሠራው ለወደፊቱ ነው።

4. የአባት ውርስ ነው ብላችሁ ያለ ፈቃድ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ፤ በወንድም ወይም በሚስት ስም ፈቃድ አውጥታችሁም አትያዙ። ውርስ ፈቃድን አይተካም።

5. «መዝገቡን አጠፋልሃለሁ» ለሚል ደላላ ገንዘብ አትስጡ። ሐሰተኛ ማስረጃ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ልታጸዱት የነበረውን ስም ደግሞ ያቆሽሻል።

6. በፈቃድ ማመልከቻ ላይ ያለፈውን ፍርድ አትደብቁ። ከተሰየማችሁ ውሳኔውን አቅርቡ፤ ካልተሰየማችሁ እውነቱን ተናገሩ።

መሰየም የሚያስፈልገው ለመሣሪያ ብቻ አይደለም። ሥራ ለመቀጠርና ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ ለማግኘትም ይጠቅማል። ስለዚህ መሣሪያ የማትፈልጉም ብትሆኑ ጊዜያችሁ ከደረሰ አመልክቱ። መሣሪያ የምትፈልጉ ደግሞ ፈቃድ በእጃችሁ እስኪገባ ድረስ አትንኩት።