ኦ ክፍል ለተመደበችው የወንድሜ ልጅ

ልጄ፣ ከአንደኛ ክፍል በፊት ባለው ኦ ክፍል መመደብሽን አባትሽ ነገረኝ። «ልጅ ጠባቂ ሆነች» እያሉ ያዘኑልሽ እንዳሉም ሰምቻለሁ። እኔ ግን ከልቤ ደስ ብሎኛል። አንደኛ ክፍል ደርሶ ትምህርት የሚጠላ ልጅ፣ መጥላቱን የሚጀምረው ብዙ ጊዜ አንቺ ክፍል ነው፤ የሚወደውም እንደዚሁ። ዕድሜዬን በዚህ ሥራ ስላሳለፍኩ ጥቂት ልምከርሽ።

1. በመጀመሪያው ሳምንት ለማስተማር አትቸኩዪ። ጠዋት በር ላይ ቆመሽ ልጁን ከሚያደርሰው ሰው ጋር ተነጋገሪ፤ ቤት ውስጥ ማን ብለው እንደሚጠሩት፣ ቁርስ በልቶ እንደሆነ ጠይቂ። ጠረጴዛ ላይ የሚደፋውን ልጅ ሰነፍ ነው ከማለትሽ በፊት ሆዱን አስቢ። ጀርባውን ሰጥቶሽ ሳለም ስሙን በቀስታ ጥሪው። ካልዞረ ጆሮው ይመርመር። ጆሮው መግል የሚያፈስ ልጅ «አይታዘዝም» እየተባለ ዓመቱን ሲጨርስ አይቻለሁ። ጤና ጣቢያ እንድትወስደው ለእናቱ በግልጽ ንገሪያት።

2. ፊደልን በዜማ ማስባል ቀላል ነው፤ ሥራው ማስለየቱ ላይ ነው። ልጁ «ሀ ሁ ሂ» እያለ ገበታውን በጣቱ ሲከተል ያነበበ ይመስላል። ጣቱን ልብ ብለሽ እዪ፤ አፉ «ሙ» ሲል ጣቱ ገና «ሒ» ላይ ነው። የኔታዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ሀሁን በቃሉ ያወጣውን ልጅ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲሆን ፊደሉ ከየቤቱ ተዘበራርቆ ይመጣበታል፤ የለመደው ዜማ አያድነውም፤ መልኩን አይቶ መለየት ግድ ይሆንበታል። ይህን ጥበብ ከነሱ ውረሺ። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው 231 ናቸውና በአንድ ትንፋሽ ላስጨርስ አትበዪ። ልጁ ከገዛ ስሙ ይጀምር። የስሙን ፊደላት ካርቶን ላይ ጽፈሽ ቆራርጪለትና ራሱ ይገጣጥማቸው። «ለ»ን እና «ሰ»ን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ልዩነታቸውን እሱ ይንገርሽ።

3. የየኔታዎቹን አለንጋ ግን አትውረሺ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የተጠበቁ መሆናቸውን ደንግጓል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ፣ የፈራ ልጅ የሚያየው እጅሽን እንጂ ሰሌዳውን አይደለም።

4. ወላጆች ደብተር ያያሉ። ገጹ በጽሕፈት ካልሞላ «ልጄ ምንም አልተማረም» ይሉሻል። በዚህ አትሸበሪ፤ ግን አትቆጫቸው። ጠርተሽ አሳያቸው። እርሳስ መያዝ ያቃተው እጅ መጀመሪያ ጭቃ ማድቦልቦል፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ ቅልብልቦሽ መጫወት ይፈልጋል። ጠጠሯን ወደ ላይ ወርውሮ ሌላውን ከመሬት ለቅሞ የሚቀልብ ልጅ ዓይኑንና ጣቱን እያስማማ ነው፤ እግረ መንገዱንም ይቆጥራል። ይህን ቆመው ሲያዩ ብዙዎቹ ይገባቸዋል።

5. በየቀኑ አጫውቻቸው። ተረት ስትነግሪ መሐል ላይ አቁመሽ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» በያቸው፤ የተሳሳተውንም መልስ እስከ መጨረሻው ስሚ። «እንቆቅልህ» ሲሉሽ «ምን አውቅልህ» በያቸው፤ ሲከብድሽም ሀገር ስጫቸው። መምህርቷን ሀገር ያስከፈለ ዝምተኛ ልጅ በማግስቱ ሌላ እንቆቅልሽ ከአያቱ ተምሮ ይመጣል። ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ልጅ ካለሽ ደግሞ «ውሃ»፣ «ሽንት»፣ «አመመኝ» በሱ ቋንቋ ምን እንደሚባሉ ከእናቱ ተማሪ። የልጁ አፍ እስኪፈታ ድረስ አንቺ ቃሎቹን ብትማሪለት ምን ይጎድልብሻል?

6. ብቻሽን አትድከሚ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቀዳማይ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍ ከኦ ክፍል ጋር «ከልጅ ለልጅ» የሚባለውንም መርሐ ግብር ይዟል። ከፍ ያሉት ተማሪዎች በየሰፈራቸው ታናናሾቹን እያጫወቱ ያለማምዷቸዋል። ርእሰ መምህሩን ጠይቂና አስጀምሪ።

7. ሽንት ቤቱን ራስሽ ገብተሽ እዪው። ጨለማ ከሆነ፣ ጉድጓዱ ለትንሽ እግር ከሰፋ፣ ትልልቆቹ ተማሪዎች በር ላይ የሚጋፉ ከሆነ ልጁ ሽንቱን ይዞ ይውላል፤ በመጨረሻም ክፍል ውስጥ ያመልጠዋል። ከእረፍት ደወል ትንሽ ቀደም ብለሽ ራስሽ ይዘሻቸው ሂጂ፤ እጃቸውንም በሳሙና አስታጥቢ። ያመለጠውን ልጅ ማንም ሳያየው ይዘሽው ውጪ። ለዚህ የሚሆን ንጹሕ ቁምጣና ፎጣ መሳቢያሽ ውስጥ አይጥፋ።