የጫጩቶችን መከላከያ ኃይል የሚያፈርሰው የጉምቦሮ በሽታና ከምርምሩ የምናገኘው ትምህርት

ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት እንዳላት የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ከአሥራ ሁለቱ የማይቆጠር፣ ባለሙያ የተባለች ወጥ ሠሪም ልብ የማትለው አንድ ትንሽ ከረጢት በጫጩት ገላ ውስጥ ይገኛል። ስፍራውም ከኩስ መውጫው በላይ፣ ከጅራት ሥር ነው። ጫጩቷ ስታድግ አብሮ ያድግና እንቁላል ለመጣል ስትቃረብ እየሟሸሸ ይሄዳል። በትልቅ ዶሮ ላይ የማናየውም ለዚህ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በኢጣሊያ አገር በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ፋብሪሲየስ የተባለ ሐኪም ስለ ጻፈበት «የፋብሪሲየስ ከረጢት» ተብሎ ይጠራል። ጥቅሙ ግን ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆየ።

1/ የከረጢቱ ተግባር እንዴት ታወቀ?

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ብሩስ ግሊክ ከረጢቱን በቀዶ ጥገና ከጫጩቶች ላይ እያወጣ ዕድገታቸውን ይከታተል ነበር። ጫጩቶቹ ያለ ከረጢቱም አደጉ፤ የጎደለባቸው ነገር አልታየም። በዚህ መሐል ቲሞቲ ቻንግ የተባለው ባልደረባው ዶሮ በባክቴሪያ ስትወጋ በደሟ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል እንደምትሠራ ለተማሪዎች በተግባር ለማሳየት ፈለገ። ግሊክም ከነበሩት ዶሮዎች ሰጠው። ቻንግ ሳልሞኔላ ከተባለው ባክቴሪያ በተዘጋጀ ነገር ወጋቸው፤ ከፊሎቹ ግን ምንም ፀረ እንግዳ አካል አልሠሩም። ማሳያው ከሸፈ ማለት ነው!

ታዲያ ሁለቱ ወጣቶች «ዶሮዎቹ አይረቡም» ብለው አልተዉትም። መዝገቡን ገልጠው ቢያመሳክሩ፣ ፀረ እንግዳ አካል ያልሠሩት ከረጢታቸው የወጣባቸው ሆነው ተገኙ። ሙከራውን በብዙ ዶሮዎች ደግመው ውጤቱን በ1956 እ.ኤ.አ. «ፖልትሪ ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አሳተሙ። ዛሬ በሰው ሕክምና ጭምር «ቢ ሴል» የሚባለው ነጭ የደም ሴል ስሙን ያገኘው «ቡርሳ» ከሚለው የከረጢቱ የላቲን ስም ነው። ባጭሩ ከረጢቱ ለጫጩቷ ወታደሮች ማሠልጠኛ ሠፈር ነው ቢባል አይሳሳትም። ሠልጣኞቹ ሴሎች ከዚያ ወጥተው በደምና በጣፊያ ይሠማራሉ።

2/ በሽታው

በ1957 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በደላዌር ክፍለ ግዛት፣ ጉምቦሮ በተባለች ስፍራ አካባቢ አንድ አዲስ የጫጩት በሽታ ታየ። በ1962 ኮስግሮቭ የተባለው ተመራማሪ ስለ በሽታው ጻፈ። ኩላሊት አብጦ ይገኝ ስለ ነበር በመጀመሪያ የኩላሊት በሽታ መስሎ ነበር። በኋላ እንደ ተረጋገጠው ግን ቫይረሱ በተለይ የሚያጠቃው በከረጢቱ ውስጥ በመባዛት ላይ ያሉትን ቢ ሴሎች ነው። ማሠልጠኛ ሠፈሩ ሠልጣኞቹ ሳይወጡ ይቃጠላል ማለት ነው።

የበሽታው መልክ በዕድሜ ይለያያል፤ ይኸውም፦

ሀ/ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባሉት ጫጩቶች ላይ ምልክቱ ይታያል። ጫጩቶቹ ላባቸውን ያቆማሉ፣ ይደበታሉ፣ ነጣ ያለ ውኃማ ተቅማጥ ይይዛቸዋል፣ ብዙዎቹም ይሞታሉ። ሬሳው ሲከፈት በጭንና በደረት ሥጋ ላይ ደም የቋጠሩ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ከረጢቱም በመጀመሪያ ያብጥና በኋላ ይሟሽሻል።

ለ/ ከ3 ሳምንት በታች ባሉት ላይ ግን ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። ጉዳቱ የተደበቀ ስለሆነ የሚያሠጋው ይኸኛው ነው።

3/ ገበሬው የሚከስረው የት ላይ ነው?

አንድ ገበሬ ጫጩቶቹን የፈንግል ክትባት አስከተበ እንበል። ጫጩቶቹ ቀደም ብለው በጉምቦሮ ከረጢታቸው ከፈረሰ፣ ክትባቱን ተቀብሎ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራው ሴል እኮ የለም ወይም ጥቂት ነው። ፈንግል ሲመጣ የተከተቡትም ያልተከተቡትም አብረው ያልቃሉ። ገበሬውም «ክትባት ምን ዋጋ አለው?» ብሎ ይደመድማል፤ ለጎረቤቱም ይነግራል። በመሆኑም የማይታየው በሽታ ጫጩቱን ብቻ ሳይሆን በክትባት ላይ ያለውን እምነት ጭምር ይገድላል።

በአገራችን በ2002 እ.ኤ.አ. በደብረ ዘይት በሽታው ተነሥቶ መመርመሩ በጥናት ተመዝግቧል። ከዚያም ወዲህ በሌሎች አካባቢዎች በእርባታ ጣቢያዎችም ሆነ በየቤቱ በሚረቡ ዶሮዎች ላይ ተገኝቷል።

4/ ምን ይደረግ?

በሽታው መድኃኒት የለውም። ሰውን አይዝም። ቫይረሱ ግን በኩስና በጉዝጓዝ ውስጥ ጠንካራ ነው፤ የታመሙት ዶሮዎች ከተነሡ ከ122 ቀን በኋላም ቤቱ ሌሎችን ሊያስይዝ እንደሚችል በ1967 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። ስለሆነም አሮጌው ጉዝጓዝ ሳይወገድና ቤቱ ታጥቦ በፀረ ተባይ ሳይታከም አዲስ ጫጩት ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። በጫማና በዕቃ ላይም ስለሚጓዝ ከሌላ እርባታ የመጣ ሰው ዝም ብሎ አይግባ።

ዋናው መከላከያ ክትባት ነው፤ ጊዜውን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ጫጩት ከእናቷ በእንቁላሉ አስኳል በኩል የምታገኘው ፀረ እንግዳ አካል ለጥቂት ሳምንታት ይጠብቃታል፤ ነገር ግን ቶሎ የተሰጠውን ክትባትም ያከሽፋል። ከዘገየ ደግሞ በሽታው ይቀድማል። የሚከተብበትን ቀን የእንስሳት ሐኪም ይወስን። በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን የሌለበት ንጹሕ ውኃ መሆን አለበት፤ ክትባቱም እስኪሰጥ ድረስ ከቅዝቃዜ አይለይ።

5/ ለእጩ መምህራን

ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት የዶሮ እርባታ ይኖር ይሆናል፤ ገበሬውም «መምህር፣ ተከትቦ ለምን ሞተ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን ለማወቅ ይህ ጽሑፍ ይርዳን። ደግሞም ይህ ዕውቀት የተገኘው ለክፍል ከተዘጋጀና ካልሠራ ማሳያ መሆኑን አንዘንጋ። በቤተ ሙከራ ያሰብነው ውጤት ሲቀር በተማሪዎች ፊት አፍረን ከመሸፋፈን ይልቅ «ለምን ቀረ?» ብለን አብረን መዝገቡን እንግለጥ። ግሊክ የትኛው ዶሮ ከረጢቱ እንደ ወጣ ባይመዘግብ ኖሮ ምንም ባልተገኘ ነበር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በጉምቦሮ የተያዘች የ2 ሳምንት ጫጩትና የ5 ሳምንት ጫጩት በምን ይለያያሉ?
2. ከረጢቱ በትልቅ ዶሮ ላይ ቢጠፋም ዶሮዋ ፀረ እንግዳ አካል መሥራቷን የማታቋርጠው ለምንድን ነው?
3. «ክትባት ዋጋ የለውም» ለሚል ገበሬ በቀላል አማርኛ እንዴት ታስረዳለህ? እንዴትስ ታስረጃለሽ?