ታሪካዊ ልብ ወለድና መቼቱ

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ልብ ወለድ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ መቼት ይባላል። ቃሉም «መቼ» እና «የት» ከሚሉት መጠይቆች የተውጣጣ ነው። በታሪካዊ ልብ ወለድ ውስጥ መቼት ጌጥ ብቻ አይደለም። ደራሲው የገጸ ባሕርያቱን ልብ ሊፈጥር ይችላል፤ ዘመኑንና ምድሩን ግን እንዳሻው ሊለውጥ አይችልም።

ለምሳሌ አንድ ደራሲ ዛሬ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገኝበትን አገር መቼቱ አድርጎ ልብ አንጠልጣይ የፍቅር ታሪክ ሊጽፍ ተነሣ እንበል። በዚያ አካባቢ፣ በደረስጌ፣ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የሰሜንና የትግሬን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው አሠሩ። ወዲያውም በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ከዓመታት በኋላ የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ የዚሁ ንጉሥ ባለቤት ሆኑ።

የድሉን ባለቤት አንባቢ አስቀድሞ ያውቀዋል። ታዲያ ልቡ በምን ይንጠለጠላል? ታሪክ ስማቸውን ባልመዘገበው ሰዎች ዕጣ ነው። ከድል በኋላ አንድ የውቤ ወታደር እጮኛው ወዳለችበት መንደር በሌሊት ይሸሻል እንበል። በዚያ አገር እስከ 1,500 ሜትር የሚዘልቅ ገደል አለ። ጭጋጉ ከአሳዳጆቹ ይሸፍነዋል፤ ያው ጭጋግ ግን ገደሉንም ይሸፍንበታል። በገደሉ አፋፍ የሚያድሩት ጭላዳዎች ደንግጠው ቢጮኹ ያሳብቁበታል። እንዲህ ሲሆን ተራራው ራሱ ወዳጅም ጠላትም ይሆናል።

ይሁን እንጂ ይህ ወታደር የፓርክ ጠባቂ ሊያጋጥመው አይችልም፤ ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነውና። ምድሩም ሰው አልባ ዱር አልነበረም። ገበሬዎች ገብስ ይዘሩበት፣ ከብት ያሰማሩበት ነበር። በፓርኩ ክልል ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች እንኳ ወደ ደባርቅ የተዛወሩት በ2008 ዓ.ም. ገደማ ነው። ደራሲው አገሩን ባዶ አድርጎ ከሣለው፣ እጮኛይቱ የምትጠብቅበት ቤት፣ ስንቅ የሚያቀብል ጎረቤት፣ ለጠላት የሚጠቁም ባላንጣ ከየት ይመጣሉ? አንባቢ ምድሩን ካላመነ ፍቅሩንም አያምንም።

ለ. የቃላት ፍች

አፋፍ — የገደል ጫፍ
ያሳብቃል — የተሸሸገን ነገር ይገልጣል
ባላንጣ — ተፎካካሪ፣ ጠላት

ሐ. መልመጃ

1. አንባቢ የጦርነቱን ውጤት እያወቀ ልቡ የሚንጠለጠለው ለምንድን ነው?
2. «ተራራው ራሱ ወዳጅም ጠላትም ይሆናል» የሚለውን አባባል በምሳሌ አስረዱ።
3. ደራሲ ሊፈጥረው የሚችለውንና የማይችለውን ለይታችሁ ጻፉ።
4. የምታውቁትን ታሪካዊ ቦታ መቼት በማድረግ አንድ አንቀጽ ጻፉ። በዘመኑ ያልነበረ ነገር እንዳይገባበት ተጠንቀቁ።