ሠፋሪው የቀበሌው ነዋሪ የሚሆነው መቼ ነው?

ለወረዳ ኃላፊዎችና ለመስክ ሠራተኞች የተዘጋጀ የጥናት ጽሑፍ

በድርቅ ምክንያት ከቀዬው ተነሥቶ በአዲስ ሥፍራ ለሚሠፍር ቤተሰብ የሚደረገው ርዳታ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በታደለው እህል፣ በተመራው መሬትና በተሠራው ጎጆ ብዛት ነው። ይሁን እንጂ እህሉ ያልቃል፤ መሬቱም በማን ስም እንደ ተመዘገበ በግልጽ ካልታወቀ የክርክር ምንጭ ይሆናል። ሠፋሪው ተረጂነቱ ቀርቶ ነዋሪ የሚሆነው በቀበሌው መዝገብ ሲገባ፣ በስብሰባው ላይ ቃሉ ሲሰማና የተበደለ እንደ ሆነ አቤት የሚልበትን በር ሲያውቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቀበሌን አሠራር በአጭሩ ማስረዳትና በዚህ ረገድ የመስክ ሠራተኛው ምን ማድረግ እንደሚገባው ማመልከት ነው።

ሀ. የቀበሌ አመጣጥ

የገጠር ቀበሌ መነሻው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ቢያንስ 800 ሄክታር፣ ማለትም 20 ጋሻ ስፋት ባለው ቦታ ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደነገገ፤ ማኅበሩም መሬት የማደላደልና በፍርድ ሸንጎው አማካይነት ክርክር የመዳኘት ሥልጣን ተሰጠው። ሆኖም እነዚሁ ማኅበራት ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእህል ኮታ መሰብሰቢያና ወጣቶችን ለውትድርና መመልመያ ሆኑ። ገበሬው ቀበሌን ሲያስብ ከመብቱ ይልቅ ግዴታው የሚታወሰው ስለዚህ ነው።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋ፣ በመተከልና በጋምቤላ ሠፈረ። ከእነዚህ መካከል ሳይወዱ የተወሰዱ ብዙዎች ነበሩ፤ በመንገድና በሠፈራ ጣቢያ ሕይወታቸው ያለፈም ጥቂቶች አይደሉም። በትላልቆቹ ጣቢያዎች እርሻው በጋራ ይታረስ፣ ምርቱም በሥራ ነጥብ ይከፋፈል ስለ ነበር ሠፋሪው በስም የማኅበር አባል ቢሆንም ውሳኔው የሚመጣው ከላይ ነበር። የአካባቢው ነባር ሕዝብም በመሬቱ ላይ ሰው ሲሠፍር አሳቡን አልተጠየቀም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ሠፋሪዎች የያዙትን ጥለው መመለሳቸው፣ እህልና ጎጆ ብቻቸውን ነዋሪ እንደማያደርጉ ያስረዳል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ደንግጓል። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ አሳባቸውን እንዲጠየቁ መብት ይሰጣል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረውና በሦስት ዓመት ውስጥ 440,000 አባወራዎችን ለማሥፈር የታቀደው ፕሮግራም ሠፈራው በፈቃደኝነትና በየክልሉ ውስጥ ይሁን ማለቱ ካለፈው የተገኘ ትምህርት ነው። ሆኖም መብቱን ያልተነገረው ሰው ሊጠቀምበት አይችልም።

ለ. የቀበሌው አካላት

ስያሜውና ዝርዝሩ ከክልል ክልል ቢለያይም፣ ነዋሪው ለይቶ ሊያውቃቸው የሚገቡት አካላት የሚከተሉት ናቸው።

1. ምክር ቤት፦ በነዋሪው የሚመረጥና በቀበሌው ጉዳይ የሚወስን ነው። የአካባቢ ምርጫ በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. ተካሂዷል፤ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ተላልፏል። ምርጫው በሚዘገይበት ጊዜ የነዋሪው ጠቅላላ ስብሰባ ይበልጥ ክብደት ያገኛል።

2. አስተዳደር ወይም ካቢኔ፦ በሊቀ መንበሩ መሪነት የዕለት ተዕለቱን ሥራ ያከናውናል።

3. ማኅበራዊ ፍርድ ቤት፦ አነስተኛ ክርክሮችን ይዳኛል። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን ለወረዳ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል።

4. የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ፦ ይዞታን በመለካትና በማስመዝገብ ሥራ ይሳተፋል።

ቀበሌ ብዙውን ጊዜ የራሱ በጀት የለውም። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ጥቅል በጀት የሚመደበው ለወረዳው ነው፤ ከዚህም አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ የውሃ ጉድጓድ ወይም የጤና ኬላ የሚፈልግ ነዋሪ ጥያቄውን በቀበሌው በኩል አስቀድሞ ማቅረብ አለበት። በነሐሴ የቀረበ ጥያቄ የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ለከርሞ» የሚል ነው።

ሐ. ሦስቱ መዝገቦች

የመጀመሪያው የነዋሪነት መዝገብ ነው። ሠፋሪው ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ይዞ ካልመጣ መታወቂያ ለማግኘት ይቸገራል፤ መታወቂያ የሌለውም በየቢሮው ደጃፍ ይመለሳል። ስለዚህ መሸኛው ከጉዞ በፊት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ መሰጠቱ መረጋገጥ አለበት።

ሁለተኛው የመሬት መዝገብ ነው። በአባወራው ስም ብቻ የተመዘገበ ይዞታ ባል ቢሞት ወይም ትዳር ቢፈርስ ሚስትን ባዶ እጅዋን ሊያስቀር ይችላል። በአማራ ክልል የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድ ደብተር ላይ እንዲሰፍር መደረጉ ሊከተሉት የሚገባ አሠራር ነው።

ሦስተኛው የተረጂዎች መዝገብ ነው። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎችን የሚለየው ማኅበረሰቡ ራሱ ሲሆን፣ የስም ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ቀርቦ እንዲተች ይጠበቃል። በዚህ ጊዜ አዲስ መጥ ዘመድና ተናጋሪ ስለሌለው በቀላሉ ይዘለላል። ለዚህም የቀበሌ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ እዚያ ያልተፈታው ጉዳይ ወደ ወረዳ ይተላለፋል።

መ. የመስክ ሠራተኛው ድርሻ

የመስክ ሠራተኛው የሠፋሪው ጠበቃ ወይም የቀበሌው አለቃ አይደለም። ሥራው በሩን ማሳየት ነው። በመጀመሪያው ወር ውስጥ ሠፋሪዎችን ሰብስቦ የትኛው ጉዳይ ለየትኛው አካል እንደሚቀርብ በሚገባቸው ቋንቋ ያስረዳ። ከውሃ፣ ከግጦሽና ከደን ኮሚቴዎች ነባሩም አዲስ መጡም፣ ሴቶችም የሚወከሉበትን መንገድ ከቀበሌው ጋር ይምከር። የግጦሽና የውሃ ጉዳይ ነባሩ ሕዝብ ሳይጠየቅ ከተወሰነ ሠፋሪው ጎረቤት ሳይሆን ባላንጣ ይሆናል። በአንጻሩ በእድርና በሽምግልና የተጀመረ ትውውቅ በስብሰባም መደማመጥን ያመጣል።

ስብሰባው በገበያ ቀን ወይም በአጨዳ ወቅት እንዳይጠራ፣ የተወሰነውም በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ ለተሰብሳቢው እንዲነበብ ማሳሰብም ተገቢ ነው። መጻፍና ማንበብ ለማይችል ነዋሪ የተነበበለት ቃለ ጉባኤ ብቸኛው ማስረጃው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምትሠሩበት ቀበሌ መሸኛ ያልያዙ ቤተሰቦች ስንት ናቸው? ጉዳያቸውስ የት ደርሷል?

2. ባሏ የሞተባት ሠፋሪ ሴት የመሬት ክርክር ቢነሣባት መጀመሪያ ወደ ማን ትሄዳለች? ራሷ ታውቃለችን?

3. ባለፈው የተረጂዎች ዝርዝር ላይ አቤቱታ ያቀረበ ሰው ከሌለ፣ ምክንያቱ ሁሉም ስለ ተስማማ ነው ወይስ በሩን ያሳየው ስላልነበረ?